ሦስት ወር ወይስ ስድስት ወር? የአንዲት የሕግ ተማሪ ክረምት

ባለፈው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ የጎረቤቴ የእህት ልጅ ቢሮዬ መጣች። ሕግ ትማራለች፣ ሦስተኛ ዓመትን ገና መጨረሷ ነበር። ከዲፓርትመንቷ ያጻፈችውን የትብብር ደብዳቤ ከፕላስቲክ ፎልደር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ክረምቱን እዚህ ልሥራ። ደመወዝ አልፈልግም። ሕግ ለኔ የሚሆን ሥራ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ጠበቃ ነኝ። ቢሮዬ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል። ከጸሐፊዬ ሌላ ሰው የለኝም። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ እንደሷ ዓይነት ተማሪዎች በሰው በሰው ይመጣሉ፣ አብዛኞቹን ቦታ የለኝም ብዬ እመልሳለሁ። እሷን ለምን እንደተቀበልኳት በትክክል አላስታውስም፤ አክስቷን እምቢ ማለት ከብዶኝ ይሆናል። ግን የዚያ ክረምት ነገር ከነስሕተቱ መጻፍ አለበት ብዬ ካሰብኩ ቆየሁ። ተማሪዋንም ደንበኛዬንም አስፈቅጃለሁ። ስማቸውን አልጠራም፣ አንዳንድ ዝርዝርም ቀያይሬያለሁ።

መጀመሪያ ስለ ልጅቷ። ሕግ የገባችው ነጥቧ ስለመጣላት ነው። ቤተሰብ ደስ አለው፣ ሰፈር «ጠበቃችን» ማለት ጀመረ፣ እሷ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ውልና ስለ ውርስ እያነበበች አንድም ቀን እውነተኛ የክስ ማመልከቻ በእጇ ይዛ አታውቅም ነበር። ትምህርቱ 5 ዓመት ነው። ኤክስተርንሺፕ የሚባለው ተግባራዊ ልምምድ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ከመውጫ ፈተናው አጠገብ ነው። ያኔ «ይሄ ለኔ አይሆንም» ብትል ምን ታደርገዋለች? ስለዚህ ቀድማ ልትሞክር ፈለገች። ልክ ነበረች።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምትም ሌላ ቢሮ ሞክራ ነበር። የማን እንደሆነ አልናገርም። ስድስት ሳምንት ፎቶ ኮፒ አነሳች፣ ማኪያቶ አመላለሰች፣ የአለቃውን ልጅ ከትምህርት ቤት አመጣች። አንድ መዝገብ ከፍታ ልታነብ ስትሞክር «እሱን ተይው» ተባለች። ከዚያ ወጥታ ሕግ ማለት ይሄ ከሆነ ባልማርስ ብላ ለእናቷ ተናግራለች።

አንባቢ እንዲረዳልኝ የምፈልገው፣ ይሄ የአንድ ቢሮ ክፋት ብቻ አይደለም። በኛ አገር ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የተፈቀደው በ2013 በወጣው አዋጅ 1249 ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ለብቻው፣ በራሱ ፈቃድ፣ በራሱ ስም ነበር የሚሠራው። አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ ፋይል። እንዲህ ባለ ቢሮ ውስጥ ተማሪን ተቀብሎ የማስተማር ወግ ከየት ይመጣል? እኛንም ማንም አላስተማረንም። ክስ የሚቀበለው የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ፊት እየተመላለስን፣ እየተቆጡን ነው የተማርነው።

እና እኔም ያንኑ ደገምኩት። ታክሲና ምሳዋን እንደምሸፍን ነገርኳት፤ ነፃ ሥሩ ማለት ቤተሰቡ ታክሲ የሚከፍልለትን ልጅ ብቻ መቀበል ነው ብዬ አምናለሁ። የደንበኛ ሚስጥር እንዳታወጣ ወረቀት አስፈረምኳት። እስከዚህ ጥሩ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ግን ለአሥር ቀን ያህል መልእክተኛ አደረግኳት። ይሄን ወደ መዝገብ ቤት አድርሺ፣ ያንን ከሰነዶች ማረጋገጫ አምጪ፣ ነገረ ፈጁ ቢሮ ሄደሽ ማኅተም አስመቺ። ጊዜ ሲተርፍሽ ደግሞ ችሎት ግቢና ተመልከቺ።

ተመለከተች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት አለው ስለሚል መታወቂያ አሳይቶ፣ ተፈትሾ፣ ስልኩን አጥፍቶ ለተቀመጠ ተማሪ በሩ ክፍት ነው። ከቢሮዬ ልደታ በእግር ሩቅ አይደለም፣ ዝናብ ከሆነ በባቡር ሁለት ፌርማታ ነው። ልደታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ገባች። አራዳ ምድብ ሄዳ የጊዜ ቀጠሮ አየች፤ ፖሊስ ተጨማሪ 14 ቀን ይሰጠኝ ይላል፣ ተጠርጣሪው ዋስትና ይለምናል፣ ዳኛው ይጽፋሉ፣ የሚቀጥለው ይጠራል። የፍትሐ ብሔሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዳኛው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስለሚታይ በር ላይ ቆማ ስም ሲጠራ ብቻ ሰማች።

ከአንድ ሳምንት በኋላ እንዴት ነው ስላት «ጋሼ፣ ሁሉም ነገር ቀጠሮ ነው» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁት ያው የአምናው ነገር ነው። ጉዳዩ ከየት እንደመጣ አታውቅም፣ ወዴት እንደሚሄድም አታይም። መሐል ላይ አሥር ደቂቃ ቆርጠው ያሳዩዋታል። ሃያ ችሎት እንዲህ ብታይ ሃያ ጊዜ መሐሉን ነው የምታየው።

ሐምሌ 4

ሐምሌ 4 ቀን ጠዋት አንዲት እናት መጡ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ይጠጋል። ለገሃር አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆነው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሠርተዋል። ልጃቸው ታሞ ሦስት ቀን ቀሩ፣ ለኃላፊው ደውለው ተናግረዋል። ሲመለሱ «ሰው ቀጥረናል፣ ከነገ ጀምሮ አትምጪ» ተባሉ። ቀኑ ሚያዝያ 12 ነበር። የስንብት ደብዳቤ የለም። የሥራ ውልም በጽሑፍ የለም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ «ወደ ሥራዬ መልሱኝ።»

እንዲህ ዓይነት ጉዳይ በነፃ ነው የምይዘው። በ1992 የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነፃ አገልግሎት ስጡ ይል ነበር፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያንን ልማድ ይዤ ቆይቻለሁ። ያን ቀን ግን ለ4 ሰዓት ቀጠሮ ነበረኝ። ለልጅቷ «ታሪካቸውን በደንብ ጽፈሽ ያዢልኝ» አልኳትና ወጣሁ።

የጻፈችውን ማታ አላነበብኩም። በማግሥቱም አላነበብኩም። አምስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።

ሐምሌ 9 ቀን ሳነበው መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሦስት ገጽ ነው፣ ቅደም ተከተሉ የጠራ። እኔ ብሆን የማልጠይቀውን ጠይቃለች፤ ደመወዝ በምን ነበር የሚከፈልዎት? መጀመሪያ በእጅ፣ ኋላ ላይ በባንክ። ከማን ስም ነው የሚገባው? ከባለቤቱ። ውል ለሌለው ሠራተኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ስላልሆነ ሠራተኛው መብቱን አያጣም ይላል፣ ግን መቀጠሩን ማስረዳት አለበት። አሥራ ምናምን ወር በየወሩ 3,000 ብር የገባበት የባንክ መግለጫ ካለ ማን «አላውቃትም» ይላል?

መጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ደሜ ቀዘቀዘ። «ይርጋ፦ 6 ወር። እስከ ጥቅምት ጊዜ እንዳላቸው ነግሬያቸዋለሁ» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይርጋ ማለት ካለፈ በኋላ ጥያቄህን ፍርድ ቤት የማይሰማበት የጊዜ ገደብ ነው። አዋጁ ከሥራ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄን በ6 ወር ያግደዋል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ግን 3 ወር ብቻ ነው ያለው። ሁለቱ እዚያው አንድ አንቀጽ ውስጥ የተቀመጡ ንዑስ አንቀጾች ናቸው። አንዷን አንብባ ሌላዋን ዘለለቻት። ከሚያዝያ 12 ሦስት ወር ሲቆጠር ሐምሌ 12 ነው። ሦስት ቀን ቀርቶናል።

ስንደውል እናትየው አዲስ አበባ አልነበሩም። «አይዞዎት እናቴ፣ ገና ጊዜ አለን» ስለተባሉ የእህታቸው ተዝካር ላይ ለመገኘት ደብረ ብርሃን ሄደዋል። ሁለት ሳምንት ሊቆዩ ነበር ሐሳባቸው።

ልጅቷ ስልኩን ይዛ ቆማ ነበር። ምንም አላለችም። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በግልጽ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ለባልደረቦቼ ሳወራ አንዳንዶቹ «ተማሪ ስትቀበል ይኸው ነው» ብለውኛል። ጥፋቱ የኔ ነው። ተማሪ ምክር አይሰጥም፤ የጥብቅና ፈቃድ የሚባለው ነገር ያለው ለዚህ ነው። ያንን ልነግራት የሚገባው እኔ ነበርኩ። ስለ ሚስጥር ወረቀት አስፈርሜ ስለ ምክር አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ይርጋን ደግሞ ደንበኛ ከበር ሳይወጣ ማስላት የጠበቃ የመጀመሪያ ሥራው ነው። እኔ አምስት ቀን አስቀመጥኩት። ይሄንን እንዳለ ነገርኳት። አመነችኝ ብዬ አላስብም።

ሦስቱ ቀናት

እናትየው ሐምሌ 10 ማታ በአውቶቡስ ገቡ። ተዝካሩን ጥለው። በዚያች ሌሊት ልጅቷና እኔ ክሱን ጻፍን። ማለት፣ እሷ ጻፈች፣ እኔ ሰረዝኩ። የመጀመሪያው ረቂቋ እንደ ፈተና መልስ ነበር፤ «ሕገ ወጥ የሥራ ውል መቋረጥ ማለት» ብሎ ይጀምራል። ዳኛዋ ትርጉሙን ያውቁታል፣ ማን፣ መቼ፣ ምን አለ የሚለውን ጻፊ አልኳት። ሁለተኛው ተሻለ። ሦስተኛው ላይ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ» የሚለውን የኃላፊውን ቃል እንዳለ በጥቅስ አስገባችው። እሱን አልነካሁትም።

ከዚያ ሂሳቡ። እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ ጊዜ ስትነቃ ያየኋት። ወደ ሥራ ካልተመለሱስ ምን ያገኛሉ? ሕጉ የቀን አማካይ ደመወዝን በ180 አባዙ ይላል። 3,000 ለ30 ሲካፈል በቀን 100 ብር፣ 18,000 ማለት ነው። ማስጠንቀቂያ አልተሰጣቸውም፤ ከአንድ ዓመት በላይ የሠራ ሰው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለው፣ 6,000። ጡረታ አልተከፈለላቸውም፣ ስለዚህ የሥራ ስንብት ክፍያ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ሲሶ እየተጨመረ፣ ለአራቱ ወርም በልኩ፣ 4,333 ብር ገደማ። የዓመት ፈቃድም አለ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። እያንዳንዱን ቁጥር በካልኩሌተር ሁለት ሁለት ጊዜ መታች። እናትየው ሶፋው ላይ ሆነው ያዩዋት ነበርና «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አሉ። ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዞር ብላ አየችኝ። ተምራለች።

ሐምሌ 11 ጠዋት መዝገብ ቤት ሄዱ። ውክልና ለማሰጠት ሰነዶች ማረጋገጫ ሰልፍ ከያዝን ቀኑ ሊያልፍብን ነው፤ ስለዚህ ውክልናውን ለኋላ አቆይተን ክሱን ራሳቸው እናትየው እንዲፈርሙ አደረግን። የሥራ ክርክር ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ስለሆነ እሱም አላዘገየንም። ግን ሬጅስትራሩ መለሰው። የማስረጃ ዝርዝሩ ላይ የአንዱ ምስክር አድራሻ ሙሉ አልነበረም፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 223 የምስክሮች ስምና አድራሻ ከክሱ ጋር ተዘርዝሮ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ደግሞም እውነት መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ የምትለው መስመር ከመጨረሻው ገጽ ላይ ተቆርጣ ቀርታለች፣ ፕሪንት ሲደረግ።

በዚያ ዝናብ ወደ ቢሮ ተመለሱ። ምስክሩ አብሯቸው ይሠራ የነበረ አስተናጋጅ ነው፣ ስልኩ አይነሳም። ልጅቷ ለገሃር ድረስ ሄዳ፣ ምግብ ቤቱ በር ላይ ሥራ እስኪወጣ ጠብቃ፣ ወረዳና የቤት ቁጥሩን ጽፋ መጣች። ይሄን ያደረገችው እኔ ሳልጠይቃት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ጫማዋ ውሃ አዝሎ ቢሮ ስትገባ ነው ያወቅሁት።

ሐምሌ 12 ቀን 5 ሰዓት ላይ ክሱ ተከፈተ። መዝገብ ቁጥር ተሰጠው። ቀጠሮው ለጥቅምት ሆነ።

ለጥቅምት! ሕጉ የሥራ ክርክር በ60 ቀን ውስጥ ይወሰን ይላል፣ ግን ነሐሴ 1 ሲገባ ፍርድ ቤቶች እስከ መስከረም መጨረሻ በከፊል ይዘጋሉ፤ ተረኛ ችሎት አስቸኳይ የሆነውን ብቻ ያያል። ልጅቷ ይህን አታውቅም ነበር። የሚገርመው፣ ሦስት ዓመት ሕግ የተማረ ሰው ፍርድ ቤት መቼ እንደሚዘጋ አለመንገራችን ነው። ክረምቱን ለሥራ ልምምድ ለሚያስብ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ነገር የለም፤ የሚታይ ችሎት ያለው ሐምሌ ላይ ነው። ፈተና እንዳለቀ በማግሥቱ ካልጀመርክ ሐምሌ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ የምታየው የተዘጋ በር ነው።

ነሐሴ

ነሐሴ ግን ባዶ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችንም ጊዜ ነበረን። ከዚያ መዝገብ ወዲህ እንደ መልእክተኛ ልልካት አልቻልኩም፣ ፊቷም አይፈቅድልኝም ነበር።

የሠራተኛ ጉዳይ የሰበር ውሳኔዎችን እንድታነብ ሰጠኋት፤ ሰበር ማለት የመጨረሻ ፍርድ የሕግ ስሕተት አለበት ሲባል የሚታይበት ነው። ከ1997 ጀምሮ፣ በአዋጅ 454፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አምስት ዳኞች ተቀምጠው የሰጡት የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለውን ፍርድ ቤት ያስገድዳል። ክፍል ውስጥ ይህን ተምራዋለች። ያልተማረችው አሠሪው «ራሷ ጥላ ሄደች» ቢል ምን እንደምትመልስበት ነው። የምታነበው አሁን ለፈተና አልነበረም፣ ለእናትየው ነበር። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጠዋት ገብታ ማታ ትወጣ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሄዳ አዋጁን ከነጋሪት ጋዜጣው ገዛች፤ ከስልክ ላይ ካነበበችው ቅጂ ሌላ፣ በእጇ የሚያዝ፣ የይርጋዋን አንቀጽ በቀይ ያሰመረችበት።

ሌላው ያደረግነው ነገር ሰዎችን ማነጋገር ነው። የማውቃቸውን ሦስት የሕግ ሰዎች ለአንድ አንድ ሰዓት ቡና ጋበዝን። አንዲት ዐቃቤ ሕግ፣ አንድ ረዳት ዳኛ፣ አንድ የባንክ ነገረ ፈጅ። ልጅቷ እስከዚያ ቀን ድረስ ሕግ ማለት ጠበቃና ዳኛ ብቻ ይመስላት ነበር። ዐቃቤ ሕጓ ስለ መዝገብ ብዛትና በቂ ማስረጃ ሳይኖር ክስ አልመሠርትም ማለት ስለሚጠይቀው ድፍረት ነገረቻት። ረዳት ዳኛው ቀኑን ሙሉ መዝገብ እያነበበ እንደሚያጠቃልል። ነገረ ፈጁ ስለ ብድር ውልና ስለ አዋጅ 97/1990፣ ባንክ ያለ ፍርድ ቤት መያዣ መሸጥ ስለሚችልበት አሠራር ሲያወራ ዓይኑ ያበራ ነበር። ቤት ስንመለስ «ጋሼ፣ የሱን ሥራ አልወደውም፣ ግን እሱ ይወደዋል» አለች። ይሄን መለየት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የለየሁት ተመርቄ አራት ዓመት ቆይቼ ነው።

እኔም አንድ ነገር ጠየቅኳት። ሐምሌ ላይ ለምን ስድስት ወር እንዳለቻቸው። አንቀጹን ስላላነበብሽ ነው? «አነበብኩት» አለች። «ግን እያለቀሱ ነበር። ጥሩ ነገር ልነግራቸው ፈለግኩ። ስድስት የሚለውን ሳይ ሌላውን ተውኩት።»

ይሄን መልስ ብዙ አስቤበታለሁ። ከዚያ በኋላ ተማሪ ሲመጣ ሕግ ምን ያህል ያውቃል ብዬ አልፈትንም። የሚያለቅስ ሰው ፊት ተቀምጦ አንቀጹን ሙሉውን ማንበብ ይችል እንደሆነ ነው ማየት የምፈልገው። ይህ ደግሞ ችሎት ወንበር ላይ ተቀምጦ አይታይም። አንድ መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ይዞ፣ ሰውየውን አውቆ፣ ወረቀቱን ጽፎ፣ ሲመለስበት ደንግጦ፣ መጨረሻውን ማየት አለበት።

ጥቅምት

ትምህርት ተጀምሮ ነበር፣ ግን በቀጠሮው ቀን መጣች። መምህሯን አስፈቅዳ ነው። አሠሪው መልሱ ላይ እንደጠበቅነው «ሥራውን በራሷ ፈቃድ ጥላ ሄዳለች» ብሏል። ችሎቱ የባንክ መግለጫውን አየ፣ ጥቂት ጠየቀ፣ ከዚያ ጉዳዩን ወደ አስማሚ መራው። አዋጅ 1234/2013 ካመጣቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ነው፤ ከመሟገታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ ይላል።

አስማሚው ፊት የአሠሪው ወኪል መጀመሪያ 8,000 ብር አለ። እኔ የልጅቷን ሂሳብ አውጥቼ አስቀመጥኩ። ደግሞም ወደ ሥራ ይመለሱ የሚለው ጥያቄያችን በጊዜው የቀረበ መሆኑን አስታወስኩት፤ ፍርድ ቤቱ ይመለሱ ካለ እስከ 6 ወር ውዝፍ ደመወዝ ከፍለህ ነው ከነሥራቸው የምትቀበላቸው አልኩት። እዚህ ላይ ሰውየው ወጥቶ ስልክ ደወለ። በሁለተኛው ቀጠሮ 28,000 ብር ላይ ተስማማን።

ከመፈረማችን በፊት ኮሪደር ላይ ወጥተን እናትየውን አማከርኳቸው። ልጅቷ አጠገባቸው ነበረች። ወደ ሥራ መመለሱን ከፈለጉ ክርክሩን እንቀጥላለን፣ ምርጫው የርስዎ ነው አልኳቸው።

«አይ ጋሼ» አሉ። «እዛ ቤት ተመልሼ ማን በሰላም ያሠራኛል? ያኔ ተናድጄ ነው። ብሩን ልያዝና ጉልት ልክፈት።»

ልጅቷን አየኋት። ለሦስት ወሯ ይርጋ ብለን ተዝካር ያስጣልናቸው፣ እሷ በዝናብ ለገሃር የቆመችው፣ ወደ ሥራ መመለስ ለሚለው ጥያቄ ነበር። አሁን አይፈልጉትም። ፊቷ ላይ ቅሬታ አየሁ፣ ከዚያ ዝም ብላ የእናትየውን ቦርሳ ተቀብላ ያዘችላቸው፣ እንዲፈርሙ።

ደረጃውን ስንወርድ «ታዲያ ያ ሁሉ ለምን ነበር?» አለችኝ። ያ ጥያቄ ባይኖረን ኖሮ ሰውየው ከ8,000 ብዙም አይነቃነቅም ነበር አልኳት። ደግሞ እንዲህ ያለ ምርጫ የሚመርጡት ምርጫው በእጃቸው ስላለ ነው፤ ሐምሌ 12 ቢያልፍ ኖሮ ጥያቄው አይነሳም ነበር። እስከ ባቡር ፌርማታው ድረስ አልመለሰችልኝም። እዛ ስንደርስ «ጠበቃ እሆን እንደሆነ አላውቅም» አለች፣ «ግን ትምህርቱን አላቋርጥም።» ለኤክስተርንሺፕ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ልትጠይቅ አስባለች። ሌላውን ወንበርም ልየው ነው የምትለው።

ዘንድሮ ክረምት ሌላ ተማሪ ይመጣል፣ ሁለተኛ ዓመት የጨረሰ ልጅ። ሰኔ 25 ነው የሚጀምረው፣ ሐምሌ እንዳያመልጠው። በመጀመሪያው ቀን የሚፈርማቸው ወረቀቶች ሁለት ሆነዋል፤ አንዱ ስለ ሚስጥር፣ አንዱ ምክር ላለመስጠት። በየቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጻፈውን አብረን እናነባለን፣ አምስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። መሳቢያዬ ውስጥም አንድ መዝገብ አቆይቼለታለሁ፤ የሦስት እህትማማቾች የውርስ ጉዳይ ነው፣ ገና ክስ አልተከፈተም።